አራት በአራት

ችካል አራት አለኝ፣ ገመድ አሥራ ስድስት ሜትር፣
ተንጠልጣይ ሚዛንና የተጠረዘ ደብተር።
የቢሮው ሲባጎ አምና ስለተበጠሰ
ከቢቸና ገበያ በቃጫ ታደሰ።
በኅዳር ማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ፣
ገባሁ ከአያ አንሙት፣ ከተኛው ጤፍ ማሳ።
ሠላሳ እርምጃ ወደፊት፣ አሥራ አንድ ወደ ግራ፣
የዕጣ ሠንጠረዡ እንዳዘዘኝ ሥራ፤
ችካሌን ብመታው፣ ካረፈበት ስፍራ
ወገብ ድረስ ጤፍ ነው፣ ዘለላው ያፈራ።

አያ አንሙት ሲያየኝ ከዘራውን አነሣ፦
«ልጄ፣ ይኸ እኮ ነው ያልተነካው ማሳ።
ከግራሩ ማዶ ሂድና እይልኝ፣
በረዶ ሳልጠራው ደቦ ወጣልኝ፤
ጠላም አልጠመቅሁ፣ ሰንጋም አልጣልሁ፣
እሱው አጭዶ ሄደ፣ እኔ ቆሜ አየሁ።
ችካልህን ንቀል፣ እዚያ ላይ ትከላት፤
መንግሥት የሚያይ ከሆነ ያቺኛዋን ይያት።»

«አልችልም አያዬ፣ ዕጣ አይዛወርም፤
ሰው ከመረጠው ግን ልኩ ልክ አይሆንም»
አልሁት። ዝም አለና ጭራውን ወዘወዘ፦
«ዕጣ ለዕቁብ ነበር፤ ለጤፍም ታዘዘ?»

አጨድን። በሸራ ወቃነው፣ ነፋነው፤
ሦስት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ጎደለው።
ጻፍሁት።
አዲስ አበባ ላይ በሄክታር ይባዛል፣
ከዚያ ቀበሌ ነው፣ ከዚያ ዞን ይሆናል፣
ከስሚንቶው ጋር፣ ከባንኩ ወለድ ጋር
ተደምሮ ይወጣል ላገር ሊነገር።
በረዶው የበላው የግራሩ ማዶ
ስሌት ውስጥ በቀለ፣ ተወቃ ታጭዶ።

አውቃለሁ፤ ሌላ ጋ፣ ሞጣ ወይ ደጀን ላይ፣
የሌላ ሰው ችካል ወድቋል ከጠፍ ላይ።
ጎተራው የሞላ ድኻ ይባላል፣
አንሙት በሱ ፈንታ ሀብታም ይሆናል፤
እንዲህ ነው አማካይ፦ ሳይተዋወቁ
በአንድ ቁጥር ሆድ ውስጥ ሁለቱ ታረቁ።
ግን ክረምት ሲገባ አንሙት ጎተራውን
ሲከፍት የሚያገኝ አይደለም አማካዩን።

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ ዋጋ ልጽፍ፣
ሳሙና፣ ጨው፣ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ጤፍ።
«በርበሬ በጣሳ ስንት ገባ ዛሬ?»
«ያው የባለፈው ነው፣ አልጨመርሁም እኔ!»
ጣሳውን ገልብጬ ከሥሩ ባየሁት
በመዶሻ ገብቷል ያውራ ጣት ጥልቀት።
«ይኼስ፣ እትዬ ሽታዬ?» ስላት፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋው
«እንደ እኔ ሆዱን ነው ኑሮ ያስገባው።»
ቅጹን ፈተሽሁት፤ «የጣሳ ሆድ» የለም፤
ዋጋው ግን አልናረም አምስት ሳንቲም።
መዘንሁና፣ በኅዳጉ፣ በእርሳስ
ጫርሁት፤ የሚያነበው ሰው እጅ እስኪደርስ።

ሰኞ ወደ ሰፈር፣ ከትሁኔ ደጃፍ።
«ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት፣
በገንዘብ ወይም በዓይነት ለሚገኝ ክፍያ፣ ወይም ለትርፍ፣
ማንኛውንም ሥራ ሠርተዋል?»

«ኧረ እኔ ሥራ የለኝ፤ ቤት ነው የምውለው»
አለችኝ፣ ቃጫውን በጥርሷ እንደያዘችው።
«ሥራስ ለባሌ ነው፤ ለሰሊጥ ወርዷል፣
መተማ ከገባ ሁለት ወር ሞልቶታል።»
«ይኼስ የሚገመደው?»
                              «ይኼማ እጄ ነው፤
ዝም ብሎ አይቀመጥ፣ ምን ላድርግ ብዬ ነው።
ለቅዳሜ ደርሶ ለጨው ይሆነኛል።»
«አዎ» ላይ ምልክት። ገጹ ተገልጧል።

ከትከሻዬ ላይ ገመዴን አየችው፣
እጇን ዘረጋችና ጫፉን ዳሰሰችው።
«የእኔ እጅ ነው» አለች፤ «ወደ ግራ ነው ፈትሉ፤
ግራኝ ነኝ፤ የሌላው ወደ ቀኝ ነው ሁሉ።
ምን ልታስርበት ነው? ላም የለህ፣ በሬ!»
«ማሳ ነው የምለካበት፣ ሰሞኑን እስከ ዛሬ።»
«በስንት ሰዓት?»
                    «ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይወጣ።»
ሥራዋን አቆመች፤ ሳቋ ቀድሟት መጣ፦
«እንግዲያ አጥሮብሃል! ቃጫ ጤዛ ሲነካው
ስብስብ ይላል፣ ልጄ፣ አንድ ክንድ ሊሞላው።
መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ዘርጋው፣ ከዚያ ለካው።»